የፑል ጠረጴዛ ድንጋይ መጋጠሚያን በሰም ስለ መድፈን፤ በዳባት፥ በደባርቅና በስሜን ግርጌ ላለው ሁናቴ የቀረበ ማብራሪያ

በአገራችን ከተሞች አውራ ጎዳና ዳር የፑል ማጫወቻ ቤት ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ የሚያልፍባቸው ከተሞችም ከዚህ ልማድ ውጭ አይደሉም። ተጫዋቹ የሚያየው ጨርቁን፥ ስቴካውንና ኳሶቹን ነው። ከጨርቁ በታች ያለውን ግን ጠረጴዛውን የገጠመው ሰው ካልሆነ በቀር ልብ የሚለው የለም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንኑ የተሸፈነውን ክፍል ነው፤ ይኸውም የጠረጴዛው ሰሌዳ የሆኑት ድንጋዮች እርስ በርሳቸው የሚገናኙበትን መጋጠሚያ በምን መድፈን እንደሚገባና ይህም ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ነው።

ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የትልቁ ጠረጴዛ ሦስት ድንጋዮች በፋብሪካ አንድ ላይ ተስተካክለው የተፋቁ ስለሆኑ አንዱ ጠርዙ ቢሸረፍ ወይም ቢሰበር ከሌላ ጠረጴዛ የመጣ ድንጋይ በቦታው ገብቶ እኩል ይሆናል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ አንዱን ድንጋይ ያበላሸ ሰው ጠረጴዛውን በሙሉ አበላሸ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፑል ቤት የሚከፍቱት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ አዋጥተው ወይም ተበድረው ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ናቸው፤ ቤቱም የኪራይ ነው። ኪራዩ ሲጨምር ወይም ባለቤቱ ቤቱን ሲፈልገው ጠረጴዛው ተፈቶ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። እንግዲህ መጋጠሚያውን የሚደፍነው ነገር ዛሬ እንዴት እንደሚይዝ ብቻ ሳይሆን በሚቀጥለው ዓመት እንዴት እንደሚለቅም አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ሰም ከጀሶም ከመኪና ስቱኮም የሚመረጠው፥ በእኛ አስተያየት፥ በሌላ በምንም ሳይሆን በዚህ ነው፤ ሲፈለግ ይለቃል።

በመጀመሪያ ድንጋይ ለምን አስፈለገ የሚለውን ባጭሩ እንመልከት። የጥንቶቹ የቢሊያርዶ ጠረጴዛዎች ሰሌዳ እንጨት ነበር። እንጨት ደግሞ በእርጥበት ያብጣል፥ በድርቅ ይኮማተራል፥ ከጊዜ ብዛትም ይጎብጣል። በለንደን ጆን ተርስተን የተባለው የጠረጴዛ ሠሪ በ1826 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ፈረንጆች ስሌይት የሚሉትን ድንጋይ በእንጨቱ ምትክ ካስገባ በኋላ ዘዴው ቀስ በቀስ በየአገሩ ተስፋፋ። ስሌይት በጥንት ዘመን ደቃቅ ጭቃ የነበረ፥ በምድር ውስጥ በግፊትና በሙቀት የጠነከረ፥ በስሱ እየተነባበረ የሚሰነጠቅ ድንጋይ ነው። ለቤት ክዳንና ለተማሪ መጻፊያ ሰሌዳ ሲያገለግል የኖረው በዚሁ ጠባዩ ነው። ገጹ ሲፋቅ ልሙጥ ይሆናል፤ እርጥበትም እንደ እንጨት አያጎብጠውም።

የስሜን ሰው ድንጋይ ሞልቶልናል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የስሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የቀለጠ ዐለት የተገነቡ ናቸው፤ ድንጋያቸውም ባዛልት፥ በተለምዶ ጥቁር ድንጋይ የምንለው ነው። ባዛልት ለግንብና ለመንገድ የታወቀ ጠንካራ ድንጋይ ነው፤ ነገር ግን እንደ ስሌይት በስስ ገጽ አይሰነጠቅም። ስሌይት በአገራችን በትግራይ ጥንታውያን ዐለቶች ውስጥ ይገኛል፤ ለጨዋታ ጠረጴዛ የሚሆነው ግን በፋብሪካ ተቆርጦና ተፍቆ የሚመጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ በደባርቅ ያለ አንድ የስሌይት ሰሌዳ ረጅም መንገድ በመኪና ተጭኖ የመጣ ነው ማለት ነው፤ ቢሰበር የሚተካው ከአካባቢው አይገኝም።

ሁሉም ጠረጴዛ መጋጠሚያ የለውም። በየመጠጥ ቤቱ የሚቀመጠው ትንሹ፥ ሰባት ጫማ የሚባለው፥ ብዙውን ጊዜ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ርካሽ ከሆኑት መካከልም ድንጋይ ፈጽሞ የሌላቸው፥ በችፑድ ወይም በሌላ የተጨመቀ እንጨት የተሠሩ አሉ። እነዚህ ከዚህ ጽሑፍ ውጭ ናቸው። ነገራችን ስለ ትልቁ፥ ዘጠኝ ጫማ ስለሚባለውና መሰል ጠረጴዛ ነው። የዚህ መጫወቻ ሜዳ 254 ሴንቲ ሜትር በ127 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ድንጋዩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ከጎማው በታች የሚገባውን ጠርዝ ጨምረን ድንጋዩን 270 በ145 ሴንቲ ሜትር ብንቆጥረውና የስሌይት ክብደት ከውሃ 2.7 እጥፍ መሆኑን ብናስብ፥ ጠቅላላው ወደ 260 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህን አንድ ወጥ አድርጎ በጠባብ በር ማስገባት የማይታሰብ ስለሆነ በሦስት ተከፍሎ ይመጣል። እያንዳንዱ ክፍል 90 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ አራት ሰው ተጠንቅቆ የሚሸከመው ነው። ሦስት ድንጋይ ሲሆን ደግሞ ሁለት መጋጠሚያ ይኖራል፤ ሁለቱም በሜዳው ላይ በወርዱ ያልፋሉ።

የዓለም የፑል ማኅበር ለውድድር ጠረጴዛ ባወጣው ደንብ በመጋጠሚያው ላይ የአንዱ ድንጋይ ገጽ ከሌላው ከ0.127 ሚሊ ሜትር በላይ መብለጥ ወይም ማነስ የለበትም። ይህ ከአንድ ወፍራም ወረቀት ውፍረት አይበልጥም። ቁጥሩ የተጋነነ ለሚመስለው ሰው የኳሱን ነገር እናስታውሰው። ኳሱ 57 ሚሊ ሜትር ስፋትና ከ156 እስከ 170 ግራም ክብደት አለው። በኃይል ሲመታ ትንሹን ደረጃ ዘልሎት ያልፋል፤ ሊቆም ሲቃረብ ግን፥ ማለትም በቀስታ ወደ ቀዳዳው አፍ ሲንከባለል፥ ያው ደረጃ መንገዱን ያጣምመዋል። ጨዋታው የሚያልቀውም በአብዛኛው በእንዲህ ያለው ቀስተኛ ኳስ ነው። በአገራችን ልማድ ደግሞ የጨዋታውን ሒሳብ የሚከፍለው የተሸነፈው ነው፤ ከዚያም ተርፎ በገንዘብ የሚወራረዱ አሉ። ኳሱ ያለ ምክንያት የዞረበት ሰው የሚከፍለው በቅሬታ ነው፤ ለሁለተኛ ጊዜ የሆነበት ደግሞ ከዚያ ቤት ይቀራል።

እዚህ ላይ ሁለት ሥራዎች ብዙ ጊዜ ሲቀላቀሉ ስለሚታይ መለየት ይገባል። ድንጋዮቹን በቦታቸው የሚይዛቸው ከእንጨቱ ፍሬም ጋር የሚያያዛቸው ቪቴ ነው። እኩል የሚያደርጋቸው በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል የሚገባው ስስ ሽብልቅ ነው። መድፈኛው ከሁለቱ አንዱንም አይሠራም። የመድፈኛው ሥራ በመጋጠሚያው ላይ ያለውን ስንጥቅ ሞልቶ ጨርቁን ከሥር መደገፍ ብቻ ነው። ስንጥቁ ባዶ ከቀረ ጨርቁ ኳስ ባለፈበት ቁጥር ወደ ውስጥ እየተጫነ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሜዳው ላይ መስመር ይወጣል፤ ጨርቁም ቀድሞ የሚያልቀው በዚያው መስመር ነው። ስለዚህ ያልተስተካከለ ድንጋይን በመድፈኛ አስተካክላለሁ የሚል ሰው ገና ከመነሻው ተሳስቷል። አንዱ ድንጋይ ከፍ ብሎ ሳለ ዝቅ ባለው በኩል ሰም ወይም ስቱኮ እያፈሰሱ ማዳፈን ደረጃውን ወደ ተዳፋት ከመለወጥ በቀር ጥቅም የለውም።

መጋጠሚያን መድፈን ለአካባቢው ሰው አዲስ ጥበብ አይደለም። ጎተራ በጭቃና በእበት ይለሰናል፤ ልስኑ እንዲቆይ የታሰበ ስለሆነ ሲደርቅ ከግድግዳው ጋር አንድ ይሆናል። አረቄ የምታወጣ ሴት ግን የማሰሮውን አፍና የመቃውን መግቢያ በጭቃ ወይም በሊጥ ስትመርግ ይህን ያህል እንዲጠነክር አትፈልግም፤ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ ይያዝ እንጂ አረቄው ወርዶ ሲያልቅ በእጅ ተፈልጦ መነሣት አለበት። አንዱ መርገት ለዘለቄታ፥ ሌላው ለጊዜው ነው። አንጥረኛውም መስቀል ሲያወጣ ቅርጹን በሰም የሚሠራው ሰሙ በእሳት ቀልጦ ስፍራውን ለብረቱ ስለሚለቅ ነው። የፑል ጠረጴዛ መጋጠሚያ ከነዚህ መካከል የሚመስለው ጎተራውን ሳይሆን የአረቄውን ማሰሮ ነው። ጠረጴዛውን የሚገጥሙ አንዳንድ ሠራተኞች ግን እንደ ጎተራ ይለስኑታል።

አሁን በየቤቱ ለዚህ ሥራ የሚውሉትን ሦስቱን መድፈኛዎች እንመዝን። ጀሶ በየሕንፃ መሣሪያ መደብር ይገኛል፥ ርካሽም ነው። በውሃ ተለውሶ ቶሎ ይደርቃል፥ በምላጭም በቀላሉ ይፋቃል። ጉድለቱ ተሰባሪ መሆኑ ነው። ጠረጴዛው በተነካና ድንጋዩ ጥቂት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪውም ከጨርቁ በታች እንደ አሸዋ ሆኖ ይቀራል። ከዚህም በላይ የሚለወሰው በውሃ ስለሆነ እርጥበቱ ወደ ፍሬሙ እንጨት ይወርዳል።

ሁለተኛው ባትላሜራዎች የተጎዳ መኪና የሚያለብሱበት ስቱኮ ነው፤ ማጠንከሪያ ተደባልቆበት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ለአንድ ጊዜ ብቻ ተገጥሞ ለማይነሣ ጠረጴዛ ብዙ ባለሙያዎች ይወዱታል፤ ሙቀትም ቅዝቃዜም አያስቸግረውም፥ ሲፈገፈግም ፍጹም ልሙጥ ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ጠረጴዛው የሚነሣ ዕለት ነው። ስቱኮው የሁለቱን ድንጋዮች ጠርዝ ስለሚያጣብቅ ሲለያዩ የሚቀድመው የሚሰበረው ስቱኮው ይሁን ድንጋዩ አይታወቅም። ስሌይት ንብርብር በመሆኑ ጠርዙ ላይ ቅርፊት ቅርፊት እያለ ይነሣል። በመሮ መፈልፈልም ያንኑ ጉዳት ያመጣል። የተሸረፈው ጠርዝ በሚቀጥለው ጊዜ ሰፋ ያለ ስንጥቅ ይሆናል፤ ሰፋ ያለውም ተጨማሪ ስቱኮ ይጠይቃል። በዚህ አኳኋን ሦስት አራት ጊዜ ቤት የቀየረ ጠረጴዛ መጋጠሚያው የጣት ስፋት ያህል ጠጋኝ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የንብ ሰም ነው። በአውሮፓና በአሜሪካም ለዚሁ ሥራ የታወቀ የቆየ መድፈኛ ነው። የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ለማስገባትም ለማስወጣትም ትንሽ እሳት ይበቃል። ውሃ የለበትም፤ በተስተካከለ መጠን ሲገባ በምላጭ ከድንጋዩ ጋር እኩል ተደርጎ ይፋቃል፤ ድንጋዮቹም ሲለያዩ ጠርዙን ይዞ አይነሣም። ኢትዮጵያ በንብ ሰም ምርት ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ከዓለምም ከቀደሙት አንዷ መሆኗ የታወቀ ስለሆነ፥ ከውጭ በሚመጣ ቆርቆሮ ስቱኮ ከመድከም በደጃችን ያለውን መመርመር ይበጃል።

ይሁን እንጂ ሰም የራሱ ጠባይ ስላለው የስሜን አየር ለሥራው ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለው መመርመር ይገባዋል። ዳባት ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ያህል፥ ደባርቅ ደግሞ 2850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በበጋው ወራት ቀን ፀሐይዋ ጠንካራ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግን ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የፑል ቤቱም ጣሪያ በአብዛኛው ቆርቆሮ ስለሆነ የውጩ ሙቀትና ቅዝቃዜ ወዲያው ወደ ውስጥ ይገባል። ሰም ከ18 ዲግሪ ገደማ በታች ተሰባሪ ይሆናል፤ ከ35 ዲግሪ በላይ ደግሞ በጣት የሚለጠጥ ለስላሳ ነው። እንግዲህ በደባርቅ የሚያሠጋው መለስለሱ ሳይሆን ሌሊት መድረቁ ነው።

የድንጋዩንም መስፋትና መኮማተር በቁጥር እንመልከተው። ስሌይት ለአንድ ዲግሪ የሙቀት ለውጥ በአንድ ሜትር ርዝመት የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ያህል ይለወጣል። አንዱ ክፍል 90 ሴንቲ ሜትር ነው ብንልና የ15 ዲግሪውን የቀንና የሌሊት ልዩነት ሙሉ በሙሉ ቢከተል፥ ለውጡ 0.13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወፍራም ድንጋይ ሙቀትን ቶሎ ስለማይቀበል እውነተኛው ከዚህ ያነሰ ይሆናል። ይህ ትንሽ እንቅስቃሴ በሰሙ ውስጥ የጸጉር ያህል ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል፤ ነገር ግን ሰሙ ሸክም ስለማይሸከም ስንጥቁ ከጨርቁ በታች ቢኖር ኳሱ አያውቀውም። ከዚህ ይልቅ ብዙ የሚያናውጠው ፍሬሙ ነው። በክረምት ወራት በስሜን ዝናቡና ጉሙ ሳያቋርጥ ይሰነብታል፤ የፍሬሙ እንጨትም እርጥበቱን ስቦ ያብጣል፥ መስከረም ካለፈ በኋላ ደግሞ ይደርቃል። ድንጋዩ ባይጎብጥም የተቀመጠበት እንጨት ከፍና ዝቅ ካለ ከመጋጠሚያው በአንዱ በኩል ደረጃ ይወጣል። ስለዚህ በዚህ አገር መጋጠሚያው በዓመት አንድ ጊዜ፥ ይልቁንም ክረምቱ አልፎ እንጨቱ ሲደርቅ፥ ጨርቁ ሲለወጥ አብሮ መታየት ያለበት ነው። ጀሶም ስቱኮም ይህን እንቅስቃሴ አያስቀሩም፤ ሰም ግን ቀልጦ እንደገና ይሞላል። ስቱኮውን ለማንሣት ግማሽ ቀን ሲፈጅ ሰሙን ለማንሣት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ሰሙን ከየት እናገኛለን? ቢያንስ በሦስት መንገድ ይገኛል። አንደኛው ከንብ አርቢው ቀፎ በቀጥታ፥ ሁለተኛው ከጧፍ ሠሪ፥ ሦስተኛው ጠጅ ከሚጥሉ ሰዎች። በአገራችን አብዛኛው ማር ለጠጅ ስለሚውል ጠጁ ሲጠለል የሚቀረው ሰፈፍ ብዙ ነው። ሰፈፍ እንዳለ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ውስጡ የንብ ክንፍ፥ የጌሾ ፍርፋሪና ውሃ አለበት። ውሃው ሲሞቅ አረፋ ሆኖ ሰሙን በቀዳዳ ይሞላዋል፤ ፍርፋሪው ደግሞ በምላጭ ሲፋቅ ይቧጥጣል። ማጥራቱ ግን አስቸጋሪ አይደለም። ሰፈፉን ከብዙ ውሃ ጋር በድስት አድርጎ በቀስታ ማሞቅ፥ ሲቀልጥ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ ማቀዝቀዝ ነው። ሰም ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ተንሳፎ እንደ ጋገር ይረጋል፤ ከሥሩ የተጣበቀውን እድፍ በቢላዋ መፋቅ ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ቢደገም ይጠራል። በደባርቅ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ሰሙን ለማቅለጥ ከበቂ በላይ ስለሆነ ሰሙን በቀጥታ በእሳት ላይ መጣድ አያስፈልግም፤ አደገኛም ነው። ከመጠን በላይ የሞቀ ሰም ይቀጣጠላል፤ የተቀጣጠለ ሰም ላይ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ እሳቱን ይበትነዋል፤ ክዳን መድፋት ይሻላል።

ሞራ ወይም የሱቅ ሻማ የተደባለቀበት ሰም እንዳይገዛ መጠንቀቅ ይገባል። ሞራ ጨርቁን ያቀባል። የሱቅ ሻማ ከንብ ሰም ይልቅ በድንጋዩ ላይ መጣበቁ ደካማ ስለሆነ በቅርፊት ይነሣል። ንጹሕ ሰም ሲሰበር ስባሪው ደብዛዛና ሸካራ ነው፤ በጣት ቢያሹት ይለጠጣል እንጂ አይቀባም፤ ሽታውም የማር ነው።

ወደ ሥራው ቅደም ተከተል ስንመጣ ወለሉ ይቀድማል። ድንጋዩና እንጨቱ አንድ ላይ ከ400 ኪሎ ግራም ያላነሰ ሸክም ስለሚሆኑ በአራት እግር ላይ ሲከፋፈል በእያንዳንዱ እግር ሥር 100 ኪሎ ያህል ያርፋል። ሲሚንቶ ባልፈሰሰበት የአፈር ወለል ላይ እግሮቹ በክረምት እኩል ባልሆነ መጠን ይሰምጣሉ። ለሰሌዳ አይሆንም ያልነው የስሜን ጥቁር ድንጋይ እዚህ ላይ ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል፤ አፈሩን ቆፍሮና ደልድሎ በእያንዳንዱ እግር ሥር አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ጥርብ ድንጋይ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ ፍሬሙ በውሃ ልክ በርዝመቱም፥ በወርዱም፥ ከማዕዘን እስከ ማዕዘንም ይለካል።

ከድንጋዮቹ መጀመሪያ የሚቀመጠው መካከለኛው ነው፤ ቀጥሎ ሁለቱ ዳሮች በቀስታ ይጠጋሉ። በብዙዎቹ ጠረጴዛዎች ከአንዱ ጠርዝ ወጥቶ በሌላው ቀዳዳ የሚገባ ትንሽ ችንካር አለ፤ ይህ ችንካር በመዶሻ ሳይሆን በእጅ ግፊት መግባት አለበት። ቪቴዎቹ መጀመሪያ ልል ተደርገው ይገባሉ። ዝቅ ባለው በኩል በድንጋዩና በፍሬሙ መካከል ስስ ሽብልቅ እያስገቡ ማስተካከል ነው። ለዚህ የተለመደው ነገር ያረጀ የመጫወቻ ካርታ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ዐይነት ስለሆነ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት እያሉ በቁጥር መጨመር ይቻላል። ቪቴው ሲጠብቅ ድንጋዩ ከሥሩ ባዶ ከሆነ ይታጠፋል፥ አንዳንዴም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሽብልቁ ከቪቴው አጠገብ መሆን አለበት። ቪቴው ድንጋዩን ሊይዘው እንጂ ሊጎትተው አይገባም።

መጋጠሚያውን መፈተሻው ቀላል ነው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በመጋጠሚያው ላይ በአግድም አስቀምጦ በስተኋላው የባትሪ መብራት ማብራት ነው፤ ብርሃን የሚያልፍበት ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ በጥፍር ከሁለቱም አቅጣጫ መዳሰስ ነው። ጥፍሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያዝ ከሆነ ደረጃ አለ፤ በሁለቱም የሚያዝ ከሆነ ያለው ባዶ ስንጥቅ ብቻ ነው። ይህ ስንጥቅ ነው ለሰሙ የሚተወው። ሰም ማቅለጥ ከዚህ በፊት መጀመር የለበትም፤ ከፈሰሰ በኋላ ድንጋዩን ማስተካከል ሥራውን እንደ አዲስ ያስጀምራልና።

በስሜን ቅዝቃዜ ትልቁ ስሕተት የቀለጠውን ሰም በቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ማፍሰስ ነው። ሰሙ ገና ወደ ስንጥቁ ሳይወርድ ከላይ ይረጋል፤ ላዩ የሞላ ይመስላል፥ ሥሩ ግን ባዶ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሣና ሰሙ በከንቱ ይወቀሳል። ስለዚህ መጋጠሚያው በብሩሽ ከአቧራ ጸድቶ አስቀድሞ መሞቅ አለበት። የጋዝ እሳት ያለው ነበልባሉን በአንድ ቦታ ሳያቆም ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ ያሞቀዋል፤ በአንድ ነጥብ ላይ ማቆም በድንጋዩ ውስጥ ያለውን እርጥበት ወደ እንፋሎት ለውጦ ገጹን ሊያፈናጥረው ይችላል። የጋዝ እሳት የሌለው ልብስ ሰፊዎች የሚተኩሱበትን የከሰል ካውያ ቢጠቀም ሥራው ይዘገይ ይሆናል እንጂ ለድንጋዩ የበለጠ ደኅንነት አለው ብለን እናስባለን። ድንጋዩ እጅ ሲያስቀምጡበት የሚያቃጥል ሳይሆን ሞቅ ያለ ሲሆን ይበቃል። ሥራውን ከእኩለ ቀን በኋላ፥ ቤቱ ሞቆ ሳለ፥ መጀመር የተሻለ ነው።

ሰሙ በመጋጠሚያው ርዝመት ሁሉ ከድንጋዩ ገጽ ከፍ ብሎ እስኪታይ ይፈስሳል። ሰም ከፈሳሽነት ወደ ጠጣርነት ሲለወጥ ከመጠኑ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚቀንስ፥ እኩል ሆኖ የፈሰሰው ሲረጋ ይጎደጉዳል። የቪቴዎቹም ራስ የሚገባባቸው ጉድጓዶች በዚሁ ሰም ይሞላሉ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሰሙ ለብ ባለ ጊዜ፥ ማለት በጣት ሲጫኑት ቅርጹን ሲይዝ ነገር ግን ገና ሳይደርቅ፥ ስለታም ስፓቱላ ወይም ሰፊ ምላጭ በመጋጠሚያው ላይ አጋድሞ አንድ ጊዜ ሳያቋርጡ መፋቅ ነው። ሞቅ እያለ ቢፋቅ ምላጩ ሰሙን ከስንጥቁ ጎትቶ ያወጣዋል፤ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ ደግሞ በቁራጭ ይሰበራል። ደባርቅ ላይ ይህ አመቺ ጊዜ አጭር ስለሆነ ሁለቱን መጋጠሚያዎች በአንድ ጊዜ ማፍሰስ አይመከርም፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ነው። በድንጋዩ ላይ የቀረው ስስ የሰም ፊልም በደረቅ ጨርቅ እስኪጠፋ ይታሻል፤ በተለይ ጨርቁ በኮላ በሚጣበቅበት ጠርዝ ላይ ሰም ከቀረ ኮላው አይይዝም።

ጠረጴዛው ሲነሣ ነገሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጨርቁ ይገፈፋል፤ መጋጠሚያው በዚያው ካውያ ወይም እሳት ይሞቃል፤ የለሰለሰው ሰም በእንጨት ስንጥር ተጠርጎ ይወጣል፤ ቪቴዎቹ ይፈታሉ፤ ዳሮቹ ድንጋዮች ወደ ጎን በቀስታ ይሳባሉ። የወጣው ሰም እንደገና ተጣርቶ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ በየትኛው በኩል እንደነበር በጠመኔ ቁጥር ይጻፍበት፤ ፋብሪካው የጻፈው ቁጥር ካለ ያው ይበቃል። ሽብልቆቹም በየቦታቸው ስንት ካርታ እንደነበሩ ቢጻፍ ይጠቅማል፤ በአዲሱ ቤት መጠኑ ቢለወጥም መነሻ ይሆናል።

በተለይ ከደባርቅ በሊማሊሞ በኩል ወደ አዲአርቃይ ቆላ የሚወርድ ጠረጴዛ ሁለት ነገር ይጠብቀዋል። አንዱ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በገደሉ ላይ የቀየሱት ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ድንጋይ በመኪና ላይ ተጋድሞ ከተጫነ በየመታጠፊያው ይንገጫገጫል፥ በመካከሉም ይሰበራል፤ ስለዚህ እንደ መስታወት በጠርዙ ቆሞ፥ በድንጋዮቹ መካከል ብርድ ልብስ ወይም ጭድ የሞላው ጆንያ ገብቶ፥ ወደ መኪናው ግድግዳ ተጠግቶ መታሰር አለበት። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። በቆላ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቀን ላይ ሰሙ ይለሰልሳል፤ ለመቅለጥ ግን ከ60 ዲግሪ በላይ ስለሚያስፈልገው አይፈስስም። እዚያ የሚገጥመው ሰው ስንጥቁን በተቻለ መጠን ጠባብ አድርጎ ድንጋዮቹን ማጠጋጋትና ሰሙን በጠዋት ብርድ መፋቅ ይኖርበታል፤ በደባርቅ ከእኩለ ቀን በኋላ ያልነው በአዲአርቃይ ይገለበጣል ማለት ነው።